በድሬዳዋ የአካባቢ ጤናንና የሥራ ደኅንነትን በክርስቲያናዊ ዕይታ ማጥናት፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የአካባቢ ጤና ወይም የሥራ ደኅንነት የሚማሩ ክርስቲያን ወጣቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ደብተር ይይዛሉ። በአንዱ ላይ ስለ ድምፅ መጠን፣ ስለ ክሎሪንና ስለ አቧራ ይጽፋሉ፤ በሌላው ላይ ከጉባኤ የሰሙትን ያሰፍራሉ። ሁለቱን አገናኙ ሲባሉ የሚቀናቸው በጥናታቸው መግቢያ ላይ አንድ ጥቅስ ማስቀመጥ ነው። ጥቅሱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ገጽ ሁሉ ያለ ጥቅሱም ያው ከሆነ ዕይታው ክርስቲያናዊ ሆነ ማለት ያስቸግራል። እኔ የምከተለው ሐሳብ እምነት በጥናት ውስጥ ሥራ የሚሠራው ተማሪው የጉዳትን ምክንያት በሚፈልግበት ሰዓት ነው የሚል ነው፤ ይኸውም የተጎዳውን ሰው ለመውቀስ ሳይቸኩል፣ አደጋውን አስቀድሞ ማወቅና መከላከል ይችል የነበረው ማን እንደሆነ በትዕግሥት ሲጠይቅ ነው።

መጀመሪያ የሚነበቡ ምንባቦች

ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሩ፤ ግን በሰፊው አትዙሩ። ሰው ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት መቀመጡን የሚናገረው ዘፍጥረት 2፥15 መሠረት ስለሆነ ሁሉም ያነሣዋል። ለሥራ ቦታ ጥናት ይበልጥ የሚያገለግሉት ግን እምብዛም የማይሰበክባቸው ሕጎች ናቸው።

ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ትእዛዙ የተሰጠው ማንም ከመውደቁ በፊት ነው፤ የተሰጠውም ጣራው ላይ ለሚመላለሰው ሳይሆን ቤቱን ለሚሠራው ነው፤ «ተጠንቅቃችሁ ውጡ» ብሎ መናገርንም እንደ በቂ አይቆጥርም፣ መከታ ይጠይቃል። የሥራ ደኅንነት ትምህርት የሚያስተምረው ቅደም ተከተልም በዚሁ አቅጣጫ የሚሄድ ነው፦ አደገኛውን ነገር ማስወገድ፣ ካልተቻለ ጉዳቱ በሚቀንስ ነገር መተካት፣ ያም ካልሆነ በግንባታ ወይም በመሣሪያ መከለል፣ ከዚያ የአሠራር ደንብ ማውጣት፣ በመጨረሻም ጓንት፣ ጭምብልና ሄልሜት ማልበስ። በግንባታ ቦታዎቻችን ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ማየት የተለመደ ነው፤ በአጣና በተሠራ መወጣጫ ላይ ወገብ የሚደርስ መያዣ ሳይኖር ሄልሜት ብቻ ይታደላል። ሄልሜቱ ከላይ ከሚወድቅ ዕቃ ራስን ይጠብቅ ይሆናል፤ ሰውየውን ራሱን ከመውደቅ ግን አያግደውም።

ዘጸአት 21 ደግሞ ስለ ተዋጊ በሬና ስለ ጉድጓድ ይናገራል። በሬው አስቀድሞ መዋጋት የለመደ መሆኑ ለባለቤቱ ተነግሮት ካልጠበቀው ኃላፊነቱ ከሌላው ሁሉ ይከብዳል፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወም በውስጡ ለሞተው እንስሳ ካሳ ይከፍላል። ከዚህ ምንባብ የምትወስዱት ጥያቄ «ከመቼ ጀምሮ ይታወቅ ነበር?» የሚለው ነው። በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ለጥቂት ያመለጡ አደጋዎች ነበሩ ወይ? ለማን ተነገሩ? ተጽፈዋል ወይ? የአደጋ መዝገብ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ሉቃስ 13፥4 ነው። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው አሥራ ስምንት ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ነበሩ ወይ ብሎ ጌታ ይጠይቅና «አይደለም» ይላል። በእኛ ዘንድ ሰው ከፎቅ ሲወድቅ «ቀኑ ደርሶ ነው» ወይም «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» መባሉ የታወቀ ነው። ይህ በለቅሶ ቤት የሚነገር የማጽናኛ ቃል ነውና በዚያ ቦታው ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ በአደጋ ምርመራ ቅጽ ላይ «ምክንያት» በሚለው ረድፍ ሲገባ ግን ምርመራውን ይዘጋዋል። «የሠራተኛው ቸልተኝነት» የሚለው የተለመደ የቢሮ አባባልም ጥፋቱን በሞተው ላይ በመጫን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ቸልተኝነት አይኖርም አልልም። ነገር ግን ያንን ቃል ከመጻፋችሁ በፊት መከታው የት እንደነበረ፣ ሰውየው በዚያን ዕለት ለስንት ሰዓት እንደሠራና ሥራውን ማን እንዳስተማረው መልስ ሊኖራችሁ ይገባል።

ለዚህ ንባብ ድሬዳዋ የራሷ ሰሊሆም አላት። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት የደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ውኃው የሚመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ላይ ከሚጥል ዝናብ በመሆኑ፣ በታች ያለው ሰው ሰማዩ ጠርቶ እያየ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። ይህን ጎርፍ ስታጠኑ የሟቾቹን ኃጢአት የሚቆጥር ስብከት ብትሰሙ ሉቃስ 13ን አስታውሱ፤ ከዚያም ወደ ወንዙ ዳር ወርዳችሁ ማን በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚኖር፣ ማስጠንቀቂያ በምን እንደሚደርሰውና በሌሊት በየት በኩል እንደሚወጣ ጻፉ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዘሌዋውያን 14 በግድግዳው ላይ ደዌ ስለታየበት ቤት የሚናገረው ክፍል ለተቆጣጣሪ ተማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ካህኑ ከመግባቱ በፊት የባለቤቱ ዕቃ እንዳይረክስ ቤቱ ባዶ ይደረጋል፣ ቤቱ ሰባት ቀን ይዘጋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይታያል፣ የተበላሸው ድንጋይ ብቻ ይወጣል፣ ግድግዳው ተፍቆ እንደገና ይለሰናል፣ ደዌው ከተመለሰ ግን ቤቱ ይፈርሳል። የባለቤቱን ንብረት የሚጠብቅ፣ ደረጃ ያለውና ተመልሶ የሚያይ ቁጥጥር ማለት ይህ ነው። ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ «መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ባክቴሪያ አስቀድሞ ተናግሯል» ማለት አይገባም። ሕጉ የመንጻት ሕግ ነው፤ ያላለውን ማስባል ንባቡንም ሳይንሱንም ያረክሰዋል።

ከቀደሙት ሁለት ሰዎችን ማወቅ

በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ሶሆ ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ሐኪሙ ጆን ስኖው ምክንያቱ የብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ነው ማለቱ በየመማሪያው ይነገራል። የሰፈሩ ረዳት ካህን የነበረው ሄንሪ ዋይትሄድ ግን እምብዛም አይነሣም። ዋይትሄድ መጀመሪያ ስኖውን አላመነውም፤ እንዲያውም ስሕተቱን ለማሳየት ምርመራ ጀመረ። ምእመናኑን በየቤታቸው ስለሚያውቃቸው ማን ከፓምፑ እንደጠጣ፣ ማን እንዳልጠጣና ማን እንደዳነ ደጋግሞ እየሄደ ጠየቀ፤ በመጨረሻም በፓምፑ አጠገብ በሚገኝ ቤት የታመመች ሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ በጉድጓዱ አጠገብ ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ ይደፋ እንደነበር አገኘ። ሐሳቡንም ለወጠ። በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በኅብረት የምታገለግሉ ተማሪዎች ይህን ልብ በሉ፤ በየቤቱ የመግባት መብት ያለው ሰው በመጠይቅ ብቻ የማይገኝ መረጃ ያገኛል፣ ያም የሚጠቅመው ያገኘው ነገር የራሱን ግምት ሲያፈርስ ለመቀበል ከተዘጋጀ ነው።

ሌላው በ1700 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች በሽታ የጻፈው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። ሐኪሞች በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው እንዲጠይቁ የመከረ እርሱ ነው።

ስለ ሕጉ በአጭሩ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ለሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት ያደርጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአሠሪውን፣ በአንቀጽ 93 የሠራተኛውን የደኅንነት ግዴታ ይዘረዝራል፤ መደበኛውን ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል፤ በሳምንት ቢያንስ 24 ያልተቋረጡ የዕረፍት ሰዓታትንም ያዝዛል። ከዘጸአት 20፥10 ጋር ጎን ለጎን አንብቡት፤ በዚያ ዕረፍቱ ለሎሌው፣ ለገረዷ፣ ለከብቱና በደጅ ላለው እንግዳ ጭምር የተሰጠ ነው። ከዚህ በኋላ የሰንበት ጥያቄያችሁ «ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ዘበኛው፣ ምግብ አብሳይዋና ጫኝና አውራጁ መቼ ያርፋሉ?» የሚል ይሆናል።

የመጀመሪያው የመስክ ሥራ፦ የቤተ ክርስቲያናችሁ በርሜል

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተቆረቆረች፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የሲሚንቶና የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተማ በመሆኗ ጀማሪው ወዲያው ወደ ትልቅ ፋብሪካ መግባት ያምረዋል። አይቸኩል። ፈቃዱ ይዘገያል፣ ቢፈቀድም የሚታየው ለእንግዳ የተዘጋጀው ክፍል ነው። በራሳችሁ ግቢ ጀምሩ፤ ደግሞስ የራሱን ግቢ ያልመረመረ ክርስቲያን የባለ ጋራዡን ግቢ ለመንቀፍ ምን ፊት አለው?

በከተማዋ ውኃ በወረፋ ስለሚመጣ በየግቢው በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ ይገኛል። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የታየው የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የተነሣው የቺኩንጉንያና በ2014 ዓ.ም. በርትቶ የታየው የወባ ወረርሽኝ ከተጠራቀመ ውኃ ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጨረሻው በተለይ ያስገርማል፤ ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው ስንል ኖረን፣ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ትንኝ ግን በከተማ ታንከርና በግንባታ ቦታ ገንዳ ውስጥ ትራባለች።

ባትሪና ነጭ ጭልፋ ይዛችሁ ጠዋት ውጡ። የበርሜሉን ክዳን በቀስታ አንሡ፤ ጥላችሁ ውኃው ላይ ካረፈ እጮቹ ወደ ታች ይሰምጣሉና ትንሽ ታገሡ። ጭልፋውን በጠርዙ በኩል አስገብታችሁ ቅዱና እጮቹን አስተውሉ፤ ከውኃው ገጽ ጋር ተጋድሞ የሚተኛው የአኖፊለስ ነው፣ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የኤደስ (ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝ) ወይም የኪዩሌክስ (ሌላ የትንኝ ዓይነት) ነው። በእንደዚህ ያለ ሙቀት ከእንቁላል ወደ ትንኝ ለመድረስ አንድ ሳምንት ገደማ ሊበቃ ስለሚችል በየሳምንቱ ውኃውን መድፋት ያስፈልጋል። መድፋት ብቻም አይበቃም፤ የኤደስ እንቁላል በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ድርቀትን ለወራት ስለሚችል ውስጡን በብሩሽ ማሸት ግድ ነው። የጥምቀት ገንዳውን፣ የጠበል ማጠራቀሚያውን፣ የአበባ ማስቀመጫውንና ከግንባታ የተረፈውን ጎማ አትዝለሉ። መዝገባችሁ ላይ የዕቃውን ዓይነት፣ ክዳን ያለው መሆኑን፣ እጭ የተገኘበት መሆኑንና ኃላፊው ማን እንደሆነ ጻፉ።

ስለ መጠጥ ውኃም አንድ ነገር ልበል። ድሬዳዋ ላይ ሰው ሁሉ የሚያማርረው በጀበናና በማንቆርቆሪያ ውስጥ ስለሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፤ እርሱ ግን ለዓይን የሚያስጠላውን ያህል ለጤና የሚያሰጋ አይደለም። ይበልጥ ልትጠይቁበት የሚገባው ከመጸዳጃ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚሰርገው ናይትሬት የተባለው ኬሚካል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከገደቡ ያለፈ ውኃ በተለይ በጡጦ ለሚያድጉ ሕፃናት አደገኛ ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያጠፋውም፣ ውኃው ሲተን እንዲያውም መጠኑ ይጨምራል።

ወደ ሥራ ቦታ መግባት

ሁለተኛው ቦታ በሰፈራችሁ ያለ ጋራዥ፣ የብየዳ ቤት ወይም የእንጨት ሥራ ቤት ይሁን። ባለቤቱን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ምን እንደምታደርጉበትም በግልጽ ንገሩት። በድሬዳዋ ብዙ ሠራተኛ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ስለሚቀለው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ክርስቲያናዊ ዕይታ ለክርስቲያን ሠራተኛ ብቻ የሚያስብ ከሆነ ስሙን አይገባውም።

መሣሪያ ከሌላችሁ በጆሯችሁ ጀምሩ። በክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ጩኸቱ ወደ 85 ዴሲቤል ደርሷል ማለት ይቻላል፤ ይህም በስምንት ሰዓት ሥራ ጆሮን ቀስ በቀስ የሚጎዳ መጠን ነው። በብየዳ ቤት ደግሞ ብየዳውን የሚሠራው ሰው መነጽር ቢኖረውም ብረቱን የሚይዝለትን ልጅ ተመልከቱ፤ ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል የሚቆጠቁጠው አብዛኛውን ጊዜ እርሱ ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበትን በርሜል ሳያጸዱ መበየድ ወይም መቁረጥ እንደሚያፈነዳ ያውቁ እንደሆነም ጠይቁ፤ ባዶ የሚመስለው በርሜል በትነት የተሞላ ነው።

በጥያቄ አጠያየቅ ላይ ጊዜ ውሰዱ። በጥጥ ፈትል ክፍል ለዓመታት የሠሩ አባት ብታገኙ «ያምዎታል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይሏችኋል፣ የጨዋ መልስ ነውና። «ጋሼ፣ ደረትዎን ጨምደድ የሚያደርግዎ ከሳምንቱ በየትኛው ቀን ይብሳል?» ብትሏቸው ግን ያስባሉ። ከዕረፍት ቀን በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን የሚብስና በኋላ የሚቀልል የደረት መጨምደድ የጥጥ አቧራ የሚያመጣው፣ ቢሲኖሲስ የተባለው የሳንባ በሽታ የታወቀ ምልክት ነው። የሲሚንቶ ሥራ ላይ ያሉትን ደግሞ እጃቸውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ያቃጥላል፣ በውስጡ ያለው ክሮሚየምም የማይለቅ የቆዳ አለርጂ ያመጣል።

ሙቀትና ጾም

ይህ ርዕስ በመማሪያ መጻሕፍት ብዙም ቦታ አይሰጠውም፤ ለድሬዳዋ ግን ዋና ነው። በሙቀት የሚሠራ ሰው በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል ውኃ ሊጠጣ ይገባል፤ ለሙቀት አዲስ የሆነም በመጀመሪያው ቀን የሥራውን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሠርቶ ቀስ በቀስ ሊጨምር ይገባል። የዐቢይ ጾም የመጨረሻ ሳምንታት ግን ሙቀቱ እየበረታ ከሚሄድበት ጊዜ ጋር ይገናኛሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ግንበኛ ውኃ ሳይቀምስ ፀሐይ ላይ ይውላል። ሙስሊም ባልንጀራውም በረመዳን እንዲሁ ነው። ተማሪው ጾሙን እንደ አደጋ ምክንያት መዝግቦ ቢያልፍ ሠራተኛውን አላገኘውም፤ ጾሙን ሳይነካ የሚለወጠው የሥራው ሰዓት ነው። አርማታ ሙሌትና ብሎኬት ተሸክሞ መውጣት ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ በጥላ ሥር የሚሠራው ከዚያ በኋላ እንዲሆን ለፎርማኑ ሐሳብ አቅርቡ። ራሱን የሚያዞረው፣ ላቡ የቆመ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካለ ግን ነገሩ የሕክምና ድንገተኛ ነውና ወዲያው ወደ ጥላ ተወስዶ በውኃ ይቀዝቅዝ፣ ሐኪም ጋርም ይድረስ። የታመመ ሰው ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር መምከርም ከደኅንነት ሥራ አይወጣም።

ጉድጓድ ውስጥ የወደቀውን ለማዳን

ነፍስን ስለ ወዳጅ አሳልፎ መስጠት ከሁሉ የሚበልጥ ፍቅር እንደሆነ ዮሐንስ 15፥13 ያስተምራል፤ በፍሳሽ ጉድጓድ አፍ ላይ ይህን ቃል ያለ ዕውቀት መፈጸም ግን አንዱን ሞት ሁለት ያደርጋል። ከፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከጉድጓዱ ግርጌ ይተኛል፤ በትንሹ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ ሽታው የጠፋ ይመስላል። የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ ወንድሙ ይወርዳል፣ እርሱም እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በጥናታችሁ ውስጥ ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት ገመድ የታሰረለት፣ ከላይ የሚስበው ሰው የቆመለት፣ አየሩ በጋዝ መለኪያ የታየለት መሆኑን መርምሩ፤ እነዚህ ከሌሉ መውረድ ቀርቶ የመምጠጫ መኪና ይጠራ። ለወጣቶች በምታስተምሩበት ጊዜም ጀግንነቱ ሰው ከመውረዱ በፊት «አትውረድ» ብሎ መከላከል መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው።

የቁልቢን በዓል እንደ ጥናት መስክ መጠቀም

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል በዓል ለድሬዳዋም ለሐረርም ቅርብ ነውና፣ የሕዝብ ብዛት በጥቂት ቀን ሲያብጥ ውኃ፣ መጸዳጃና ምግብ ምን እንደሚሆኑ ለማየት የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሴቶችና አረጋውያን በሌሊት የት እንደሚሄዱ፣ ከመጸዳጃው እስከ እጅ መታጠቢያው ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በብዛት የሚበስለው ወጥ ከበሰለ በኋላ ለስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ፣ በዓሉ ባለፈ ማግሥት ቆሻሻው ወደ የት እንደሚወሰድ ተከታትላችሁ ጻፉ። ለሰፈር መጸዳጃ ከከተማ ውጭ ቦታ እንዲለይና ዓይነ ምድር በአፈር እንዲከደን የሚያዝዘውን ዘዳግም 23፥12-14 ከዚህ ጋር ብታነቡት፣ ሕጉ ምክንያት አድርጎ የሚጠቅሰው እግዚአብሔር በሰፈሩ መካከል የሚመላለስ መሆኑን ነውና፣ ለተሳላሚ መጸዳጃ ማዘጋጀት ከበዓሉ አገልግሎት አንዱ መሆኑን ለአስተባባሪዎች ለማስረዳት ይቀልላችኋል።

መዝገቡና ሪፖርቱ

ሳይሄዱ ቼክሊስት መሙላት በዚህ ሙያ ውስጥ የተለመደ ኃጢአት ነው፤ በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ በባልንጀራ ላይ የሚነገረውን ብቻ ሳይሆን ያልታየውን «ታይቷል» ብሎ መፈረምንም የሚነካ ይመስለኛል። ያላያችሁትን ቦታ «አልታየም» ብላችሁ ተዉት። የሠራተኛውን ስምና ሕመም ለአሠሪው አሳልፋችሁ አትስጡ፤ የተናገረው ሰው በማግሥቱ ከሥራ ሊወጣ ይችላል።

ሪፖርቱ ሲያልቅ ለአስተማሪያችሁ ብቻ አስረክባችሁ አትቅሩ። መጀመሪያ ለባለቤቱ ብቻውን፣ በአክብሮትና ያለ ወጪ ወይም በጥቂት ወጪ ሊስተካከል ከሚችለው ጀምራችሁ ንገሩት፤ ቀጥሎ ለሠራተኞቹ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዱ። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር አይታችሁ ባለቤቱ ካልሰማ ጉዳዩን ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ማሳወቅ ይገባል፤ ይህንንም ከመጀመሪያው ፈቃድ ስትጠይቁ ብትነግሩት ክህደት አይሆንም። ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ያንኑ ቼክሊስት በያኔው ቅደም ተከተል ሙሉ፤ የተለወጠውንም ያልተለወጠውንም ከቀኑ ጋር በአንድ ገጽ ላይ አስፍራችሁ ቅጂውን እዚያው ለሠራተኞቹ ተወካይ ተዉለት።